የረባሾች ደብተር

ፊልሙ ላይ ቲቸር ቆይን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ጎንበስ ካላለ በር አያስገባውም። ድምፁ ከጉድጓድ ይወጣል፣ የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንኳ ፀጉሩን ነፋስ ያነሳዋል። እውነተኛው ቲቸር ቆይ ግን ከሰሌዳው ወገብ በላይ ለመጻፍ ወንበር ላይ የሚወጡ፣ ጠመኔያቸውን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ፣ ሸሚዛቸውን እስኪያንቃቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ከሲኒማ ቤት ሲወጡ፣ «ይሄኛውን አግብቼ ቢሆን ኖሮ እኔም አልቅሼ አጨበጭብለት ነበር» ብለው ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

ቁመቱስ ይሁን፤ ፊልም ሰው ያስረዝማል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ፊልሙ ውስጥ ያለው ወፍራም ልጅ ነው። ልጁ በመስኮት ገብቶ የክፍሉን ደብተር ይሰርቅና ለርዕሰ መምህሩ ያስረክባል፤ በዚህም ደጉ አስተማሪ ይባረራል። ልጁ ማንን እንደሚወክል አብሮን የተማረ ሁሉ ያውቃል። የሥነ ሥርዓት ኃላፊያችን፣ ዩኒት ሊደር የምንላቸው፣ የወንድማቸውን ልጅ ያሳድጉ ነበር፤ እሱ ነው። ያኔ ስሙ ራዲዮ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት አለው። ፊልሙ ከወጣ ወዲህ ሊስተካከል የሚገባው ሁሉ «ኧረ ቀስ በል፣ የምናወራውን ለርዕሰ መምህሩ እንዳትወስድብን» እያለ ይስቅበታል።

ደብተሩን ያስረከብኩት ግን እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠረጠረኝ የለም። የክፍል አለቃ ነበርኩ፤ ፊቴም ሲያዩት የዋህ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ጥፋቱን ሲያምን አንድ ቃል ሳልጥል እጽፋለሁ። የራሴን ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ይዤው ኖርኩ።

ትምህርት ቤታችን ዝምታ የሚመረትበት ፋብሪካ ነበር። ደረጃ ሲወጣ በቀኝ፣ ሲወረድ በግራ፤ መተላለፊያው ላይ መሮጥ ክልክል፣ መሳቅ ክልክል። ማስነጠስ በግልጽ አልተከለከለም፤ ግን ያስነጠሰ ሁሉ ዙሪያውን ያይ ነበር። አስተማሪ ሲዘገይ የክፍል አለቃ ከፊት ቆማ የሚያወሩትን ልጆች ስም ትጽፋለች፤ ዝርዝሩ «የረባሾች ስም» ይባላል። ዩኒት ሊደሩ አርብ አርብ ሰብስበው ከሰኞ እስከ ሰኞ መጸዳጃ ቤት ያስጠርጓቸዋል። እኔ በዚህ ሥራ አንደኛ ነበርኩ። አንዷን ጓደኛዬን ስላዛጋች ጽፌያት አውቃለሁ።

ቲቸር ቆይ የቋንቋ አስተማሪ ነበሩ፤ መዘግየት ደግሞ ልማዳቸው ነው። መንገድ ላይ ጠብ ካዩ ሳያልቅ አያልፉም። ሊገላግሉ አይደለም፤ ሊሰሙ ነው። ሁለት ሴቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ሲጣሉ ከመብራት እንጨት ሥር ቆመው አፋቸውን ከፍተው ሲያዳምጡ እናቴ በዓይኗ አይታቸዋለች። ክፍል ሲገቡ ላብ በላብ ሆነው «ቆይ፣ ቆይ፣ ቁጭ በሉ» ይላሉ፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ።

ስምንተኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን የስም ዝርዝሬን ሰጠኋቸው። አሥራ አንድ ረባሽ ይዣለሁ፤ ኩራቴ ለብቻው ነው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አለቃ» አሉኝ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አይተው። «ምን ብለው ነው የረበሹት?»

«አወሩ።»

«ምን አወሩ?»

«እሱን አልጻፍኩም ቲቸር።»

«እንግዲያው ምኑን ጻፍሽው? ስማቸውን እኮ እናቶቻቸው አውጥተውላቸዋል። ከነገ ጀምሮ ስም አልፈልግም። ያሉትን ጻፊልኝ፤ አንድ ቃል ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። ማን እንዳለው ግን አትጻፊ።»

እንዲህ ነው የረባሾች ደብተር የተወለደው። አሮጌው የስም ወረቀት አርብ አርብ «ረባሽ የለም» ተብሎ ለዩኒት ሊደሩ ይሄዳል፤ ደብተሩ የአስተማሪው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። መሳቢያው ቁልፍ የለውም። ቲቸር ቆይ ሲመጡ ከደብተሩ አንድ መስመር መርጠው ወንበራቸው ላይ ይወጡና ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። «ማን እንዳለው አልጠይቅም» ይላሉ። «ለምን እንዳሳቀን ግን ተነጋገሩ።» ከዚያ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ያንን ዓረፍተ ነገር ስንፈታው፣ ስንገጥመው፣ ስናሳጥረው እንውላለን። አንድ ጊዜ ከአንድ ስድብ ሦስት ቃል አስወጥተው፣ «አሁን ተናካሽ ሆነ» ሲሉ ሰላሳ ስምንት ልጅ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። መተላለፊያው ላይ ዩኒት ሊደሩ ነበሩ።

ያወራነው እንደሚጻፍ ካወቅን ወዲህ መረበሽ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። አፉ ያመጣለትን የሚናገር ጠፋ። ልጆች ቤታቸው አድረው፣ አስበውበት፣ አለስልሰው ይመጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ራዲዮ ነበር። ያ ልጅ አፉ አያርፍም፤ ሲናገር ደግሞ እጄ አይደርስበትም። ከደብተሩ ግማሹ የእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ባለፊልሙ የክፍላችን ልጅ ግን፣ ዛሬ አገር የሚያስለቅሰው ማለቴ ነው፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ደብተሩ ውስጥ አንዲት መስመር የለውም። ለዚህ ይመስለኛል ፊልሙን ራሱ የፈጠረው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። በዓመት ሁለት ጊዜ የደብተር ቁጥጥር ነበር። ተማሪ ሁሉ ደብተሮቹን በገመድ አስሮ ለቢሮ ያስረክባል፤ ኮሚቴው አያያዙን፣ ሽፋኑን፣ የኅዳጉን ቀጥ ማለት አይቶ የንጽሕና ነጥብ ይሰጣል። ትእዛዙ «ያለ ምንም ልዩነት ሁሉም ደብተሮች» ይላል። እኔ ትእዛዝ ስሰማ ጭንቅላቴ የሚዘጋ ልጅ ነበርኩ። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ የረባሾች ደብተር በሕይወቴ ከያዝኳቸው ደብተሮች ሁሉ ያማረው ነው። በሰማያዊ ወረቀት ለብጬዋለሁ፤ ኅዳጉ በቀይ ተሠምሯል፤ ስርዝ ድልዝ ብሎ ነገር የለበትም። እንዲህ ያለ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ሲቀር አንጀቴን በላው። ማንም ሳያየኝ አወጣሁትና ከሌሎቹ ጋር አስሬ አስረከብኩ። ክፋት አልነበረም፤ አሥር ከአሥር ለማግኘት ነው።

አገኘሁም። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ተጠራሁ። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ርዕሰ መምህሩ፣ ዩኒት ሊደሩና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ቲቸር ቆይ ግን እንደ ተማሪ ቆመዋል። ደብተሬ መሐል ላይ ተዘርግቷል።

«ንጽሕናው የሚያስመሰግን ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ በመጀመሪያ፤ ደንብ አክባሪ ሰው ነበሩ። «ይዘቱ ግን ብልግና ነው። የተናጋሪዎቹ ስም ይሰጠን። ልጆቹ ይባረራሉ፤ እርስዎ በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ። እርስዎ ካልሰጡን ይህቺ ልጅ ትሰጠናለች።»

ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ በመስመር በመስመር። አፌን ልከፍት ስል ቲቸር ቆይ «ቆይ» አሉ። «ስም የለውም፤ ሁሉም የእኔ ነው። ለንግግር መለማመጃ እኔ አስጽፌያት ነው።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«"ርዕሰ መምህሩ ሲያስነጥሱ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክፍል ሁሉ ብድግ ይላል፤ የገቡ መስሎት።" ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«"የሒሳብ አስተማሪው ኮት ከባለቤቱ ቀድሞ ጡረታ ይወጣል።"»

«የእኔ።»

«"ዩኒት ሊደሩ እዚህ አንበሳ ናቸው፤ ቤት ግን ካልሲያቸውን ራሳቸው አጥበው፣ ሚስታቸው አሽትታ ካላሳለፈቻቸው ሳሎን አይገቡም።"»

የዩኒት ሊደሩ ፊት ቲማቲም መሰለ። ያንን ከቤታቸው ልጅ በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም። እኔን አዩኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው፣ «የሰው ቤት ገመና በምን ዐወቁ?» አሉ።

«ገመትኩ» አሉ ቲቸር ቆይ።

«ካልሲውን?»

«ካልሲያቸውን አይቼ ነው የገመትኩት።»

ዩኒት ሊደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሚናገሩ መሰለኝ። ግን እስክሪብቷቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት እንጂ ምንም አላሉም። ርዕሰ መምህሩ ገጹን ገለጡ።

«"ቲቸር ቆይ የሚያረፍዱት ያለቻቸው አንድ ሱሪ እስክትደርቅ ነው።" ይሄንንም ስለ ራስዎ እርስዎ ነዎት ያሉት?»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው። «እሱ እንኳ እውነት ነው።»

በዚያው ቀን ተባረሩ። ሲወጡ ጠመኔዋ ጆሯቸው ላይ ነበረች፤ ማንም ተነሥቶ አልቆመም፣ ማንም አልዘመረም፣ መስኮት ላይ የተሰበሰበ ተማሪም የለም። ክፍሉ የሳይንስ ፈተና ላይ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አንቺ ታማኝ ልጅ ነሽ። ከማን እንዳገኘነው ለማንም አይነገርም፤ የኮሚቴ ምሥጢር ነው» አሉኝ። ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ያኔ፣ ሲያመሰግኑኝ ነው።

በማግሥቱ ክፍሉ ሌባ ፍለጋ ተነሣ። ደብተሩ ከመሳቢያ ወጥቶ ቢሮ የገባው በማን እጅ ነው? ፍለጋው አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ የዩኒት ሊደሩ ቤት ልጅ እያለ ማን ይለፋል? የራዲዮ ጠረጴዛ ላይ «ጆሮ ጠቢ» ተብሎ በምላጭ ተቀረጸ። ማለ፣ ተገዘተ፤ የሰማው የለም። አጎቱን «እኔ እንዳልሆንኩ ንገርልኝ» ብሎ ለመናቸው፤ እሳቸውም «የኮሚቴ ምሥጢር አይወጣም» አሉት። ደንብ ደንብ ነው። ልጁ ዓመቱን እንደምንም ጨርሶ ወጣና ፀጉር ቤት ለማጅ ሆኖ ገባ። ከአጎቱ ቤትም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አላነጋገራቸውም።

ቲቸር ቆይስ? የሾፌሮች ማሠልጠኛ ገብተው የመንገድ ደንብ አስተማሩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ሠልጣኞቻቸውን መስቀለኛ መንገድ ላይ አቁመው ሾፌሮች ሲሰዳደቡ የሚሉትን ያስጽፏቸው ነበር አሉ። «ሹፌር የሚሳደበው ደንቡን ሲያውቅ ነው፤ ከስድቡ ደንቡን አውጡ» ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው ፈተና አይወድቁም፤ አፋቸው ግን አይቻልም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። በሄድኩ ቁጥር ልነግራቸው ቆርጬ እሄዳለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው ጠብ አውርተን እመለሳለሁ።

እንግዲህ ፊልሙ መጣ፤ ከተማው አለቀሰ። ትምህርት ቤቱም ያባረራቸውን ሰውዬ ሊያከብር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን አስጌጠ። ቲቸር ቆይ መድረኩ ላይ ትልቅ ወንበር ተሰጣቸው፤ እግራቸው መሬት አልነካም። የፊልሙ መጨረሻ በትልቅ ሸራ ታየ። ኮሚቴው «ማነው ያለው?» ሲል ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ይላሉ፤ ቫዮሊን ያለቅሳል፤ አዳራሹም አብሮ ያለቅሳል። ፈተና ላይ ነበርን እኮ!

ከዚያ ባለፊልሙ ማይክ ይዞ ወጣ። «ዛሬ አንድ ቁስል እንዘጋለን» አለ፤ «ያ ልጅ ዛሬ በመካከላችን አለ። ቲቸር ይቅር ይሉታል።» ካሜራው ዞረ፤ ራዲዮ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መድረኩ ሄደ። እንዴት እሺ እንዳለው አልገባኝም። ማይኩን ሰጡት።

«ቲቸር» አለ፣ «ደብተሩን አልወሰድኩም። ግን ያኔ አፌ አያርፍም ነበር። ቤት ውስጥ ስለፈልፍ አጎቴ ፊት አምልጦኝ ይሆናል። ሌላ ምክንያት አጣሁለት። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘግቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሠላሳ ዓመት! ያ ልጅ ያላጠፋውን ጥፋት ፈልጎ፣ አጥቶ፣ በመጨረሻ ከራሱ አፍ ላይ አገኘው። በከተማው ውስጥ ሳያወራ የሚያስተካክል ብቸኛው ፀጉር አስተካካይ እሱ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይቀልዳል፤ እኔም ቀልጃለሁ። ለምን እንደሆነ የሰማሁት ገና አሁን ነው። ደሜ ፈላ፤ በእሱ አይደለም፣ በራሴ። ብድግ አልኩና ጮኽኩ።

«እሱ አይደለም! ደብተሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

ከፊት ረድፍ አንድ ቦርጫም የባንክ ሥራ አስኪያጅ እንባውን እየጠረገ ተነሣና «እኔ ነኝ!» አለ። ከጎኑ ሚስቱ፣ «እኔ ነኝ!» ከኋላ ሦስት፣ ከዚያ ሃያ፤ ከእኛ አሥር ዓመት በኋላ የተማሩ ሁሉ፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር «እኔ ነኝ!» እያሉ ተነሡ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የማላውቃት ሴትዮ አቅፋ ሳመችኝ። «እውነቴን ነው እኮ! ለቁጥጥሩ አስረክቤው ነው!» ብል ማን ይስማኝ። ባለፊልሙ ሮጦ መጣና ካሜራው መጀመሪያ ላይ ስላልያዘኝ ልድገምለት ለመነኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ብናገር ትወና ተባለ።

ያላጨበጨቡት ቲቸር ቆይ ብቻ ነበሩ። ሰው የሚለውን መስማት ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ነው። ሁሉ ሲያበቃ ከአዳራሹ ጀርባ መተላለፊያው ላይ ጠበቁኝ።

«ቆይ፣ አለቃ። የምርሽን ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለንጽሕና ብለሽ?»

«ለንጽሕና ብዬ።»

ሳቅ ጀመራቸው፤ ግድግዳ እስኪይዙ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጥሏቸው ሄደ፤ ፊታቸው ያረጀ መሰለኝ። «እኔ ያጣሁት ሥራ ነው፤ ሌላ አገኘሁ» አሉ። «ያ ልጅ ግን… እንደሱ የሚናገር ተማሪ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። ለእኔ የነገርሽኝን ይዘሽ ለእሱ ሂጂ። እንደ ፊልም ግን አታድርጊው።»

ራዲዮ በጭብጨባው መሐል ሹልክ ብሎ ወጥቶ ነበር። ሰኞ ችሎቱ ለምሳ ሲነሣ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱን ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ ሦስት ወረፋ ይጠብቃሉ። ሴት ስትገባ ወሬያቸው ቆመ።

«አለቃ» አለ ራዲዮ በመስታወቱ ውስጥ አይቶኝ። ቶንዶሱን አላጠፋም።

በሩ አጠገብ ቆሜ ነገርኩት፤ ስለ ቁጥጥሩ፣ ስለ ሰማያዊው ሽፋን፣ ስለ አሥር ከአሥሩ። እጁ ሥራውን አላቆመም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አጎቴ ያውቅ ነበር?»

«እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር። ስለ ካልሲው የተናገርከው አንተ መሆንህንም እዚያው አወቁ። ቢናገሩ ትባረር ነበር፤ ዝም አሉልህ።»

ቶንዶሱ ቆመ።

«ሲሞት አልቀበርኩትም» አለ።

የሚጠብቁት ሰዎች ጫማቸውን አዩ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ በግማሽ ራሱ ዞር ብሎ፣ «ይሄ የፊልሙ ነገር ነው እንዴ?» አለ።

«ድገሚው» አለኝ ራዲዮ። «ጮክ ብለሽ። ጆሮ ጠቢ የሚሉኝ እነዚህ ናቸው።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንም ዘለልሽው። ደረጃው ላይ የጠየቅኩሽን።»

ለእናንተም ዘልዬዋለሁ። ጠረጴዛው በተቀረጸ ሳምንት ደረጃው ላይ ብቻዬን ስወርድ አግኝቶኝ ነበር። ዓይኑ አብጧል። «አለቃ፣ አንቺ እንኳ እኔ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። በግራ በኩል እየወረድኩ ነበር፤ በደንቡ መሠረት። መቆም አያስፈልገኝም ነበር፤ አልቆምኩም።

«እሱንም በይው» አለ።

ሰዎቹ ቀና ብለው አዩኝ።

«"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት» አልኩ።